የቤታችሁ እባብ ወንድ ነው ሴት? ማወቅ የግድ ነው?

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች በኢንቦክስ እንዲህ ትጠይቁኛላችሁ፦ «ዶክተር፣ ልጃችን ቦል ፓይተን የሚባለውን ትንሽ ዘንዶ ቤት ውስጥ ያሳድጋል። ጾታውን እናስመርምር ወይ?» አገር ቤት ያላችሁ እንዳትደነግጡ፤ እዚያ የተለመደ ነው፣ መርዝም የለውም።

የኔ ሀሳብ፦ ያላችሁ አንድ እባብ ብቻ ከሆነና ጤነኛ ከሆነ፣ ይቅርባችሁ።

ለምን? ጾታው ከውጭ በማየት ብቻ በእርግጠኝነት አይለይም። ጅራቱ ሥር ባለው ቀዳዳ ቀጭን የብረት ዘንግ ይገባና ጥልቀቱ ይለካል፤ ወንዱ ላይ ጠለቅ ብሎ ይገባል። በለመደ እጅ ችግር የለውም። ከዩቲዩብ አይቶ የሚሞክር ሰው ግን ውስጡን ሊቀደውና ሊያደማው ይችላል። ስም ለማውጣት ተብሎ ይህን ያህል ማሰቃየት ምን ይሉታል? የምግቡ ዓይነትም፣ የሚፈልገው ሙቀትም ለወንዱም ለሴቷም ያው ነው።

ማወቅ የሚያስፈልገው መቼ ነው?
✅ ለማራባት ካሰባችሁ
✅ ሆዱ ካበጠ (ሴት እባብ ያለ ወንድም እንቁላል ልትይዝ ትችላለች፤ መጣል ካቃታት ለሕይወቷ ያሰጋል)

ያኔ ተሳቢ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ጋ ውሰዱት። ገፎ ከጣለው ቆዳ በዲኤንኤ የሚለዩ ላቦራቶሪዎችም አሉ።

እኔ የሰው ሐኪም ስለሆንኩ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሳልሞኔላ ነው። ወንድም ይሁን ሴት፣ ጤነኛ የሚመስል እባብ ይህን ባክቴሪያ በሰገራው ሊያወጣ ይችላል፤ ቆዳውና ሳጥኑ ላይም ሊገኝ ይችላል። ሰው ላይ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ያመጣል። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት፣ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑና የመከላከል አቅማቸው ለደከመ ሰዎች ደግሞ ከባድ ነው። አራስ ልጅና ሊያርሱ ከአገር ቤት የመጡ አያት ያሉበት ቤት ከሆነ፣ እባቡ ሌላ ቤት ቢያገኝ እመርጣለሁ።

የሌላችሁ፦ ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ታጠቡ። ሳጥኑን ኩሽና ሲንክ ውስጥ አትጠቡ። የሚመገበው የቀዘቀዘ አይጥም ባክቴሪያው ሊኖርበት ስለሚችል ከምግባችሁ ጋር ፍሪጅ አታስቀምጡ።

ልጃችሁ «ወንድ ነው ሴት?» ካላችሁ፣ «መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» በሉት።

ለሚጠቅማቸው ሼር አድርጉ።