ሁላችንም ዐብዱረሕማን እንሁን፤ ሰዕድ ማን ይሁን?



የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን። ከፍተኛ ነጥብ ያመጣው ልጅ ፎቶ በየገጹ ይለጠፋል። ከሥሩ «ማሻአላህ፣ የኡማው ኩራት» የሚል አስተያየት ይደረደራል። አዳራሽ ይያዛል፣ ላፕቶፕ ይሸለማል፣ ኡስታዙ ስለ ዒልም ደረጃ ዳዕዋ ያደርጋሉ። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ አላህ ይጨምርላቸው። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን ፎቶው ስላልተለጠፈው ልጅ ነው።

እስቲ ቁጥሩን እናስታውስ። በ2014 ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። የተሻለ በተባለው ዓመት እንኳ ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አላለፉም። ጥቂቱ በረሚዲያል ይገባል። የቀረውስ? እኛ አዳራሽ ተከራይተን የምንሸልመው ከመቶው አሥር የማይሞላውን ነው። ለዘጠናው ያዘጋጀነው ምንድን ነው?

ያዘጋጀነው ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው። «ቀደር ነው፣ ሶብር አድርግ።» «ሱቅ ቁም።» «ፓስፖርት አውጣ።» ከዚህ ውጭ የሰማ ካለ ይንገረኝ።

እኔ 12ኛ ክፍል ስጨርስ ከመግሪብ እስከ ዒሻ በአንድ ሐለቃ የምንቀራ ስምንት ልጆች ነበርን። ሁለታችን ዩኒቨርሲቲ ገባን። አብሮኝ የገባው በዲግሪ ተመርቆ ሦስት ዓመት ቤት ተቀመጠ፤ ዛሬ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ሦስቱ በጅቡቲ አድርገው በባሕር ወደ የመን ተሻገሩ። አንዱ ሳዑዲ ደርሶ ለቤተሰቡ ይልካል። አንዱ ታስሮ ተመለሰ። የሦስተኛው ወሬ የመን ላይ ጠፋ፤ እናቱ እስከ ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ መስጂድ በር ላይ ቆመው ከዚያ የመጣ ሰው ካለ ይጠይቃሉ። አንዱ አባቱ ሱቅ ውስጥ ነው። አንዱ ጫት ቤት ነው ውሎው። ስምንተኛው የአሉሚኒየም በርና መስኮት ይሠራል፤ አራት ልጆችን ቀጥሮ ያሠራል።

ይህ ስምንተኛው ልጅ ከሁላችን ጎበዝ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ሐለቃው ላይ የሚያንቀላፋው እርሱ ነበር። ከሌሎቻችን የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጎት ነበረው። አጎቱ ውጤቱ በወጣ በሳምንቱ «ነገ ጠዋት ወርክሾፕ ና» አሉት። ሌሎቹ አጎት አልነበራቸውም። አጎት የሌለው ልጅ አጎቱ ጀመዓው መሆን ነበረበት። ጀመዓው ግን ዱዓ አድርጎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ይህን ስናነሳ ከሚንበር የሚመለስልን የዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ከመካ ባዶ እጃቸውን ወጥተው መዲና ገቡ፤ ሀብት ሲሰጧቸው አልወሰዱም፤ ገበያው የት እንደሆነ ጠየቁ፤ በአይብና በቅቤ ጀምረው ከታላላቆቹ ነጋዴዎች አንዱ ሆኑ። «አያችሁ ወጣቶች፣ እንደ ዐብዱረሕማን ሁኑ! እጃችሁን ለሰው አትዘርጉ!» ይባላል። እውነት ነው። ግን ታሪኩ ግማሹ ተቆርጦ ነው የሚነገረን።

ሙሉው ታሪክ የሚጀምረው በረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ነው። ስደተኛውን ዐብዱረሕማንን ከመዲናው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ ያላቸውን ሀብት ለሁለት ሊያካፍሏቸው አቀረቡ። ዐብዱረሕማን «አልፈልግም፣ ገበያውን አሳዩኝ» ማለት የቻሉት መጀመሪያ ከጎናቸው የቆመ ሰው ስላገኙ ነው። ገበያውንም ያሳያቸው ሰው ነበር። እኛ ልጆቹን ሁሉ ዐብዱረሕማን ሁኑ እንላለን፤ ከመካከላችን ሰዕድ ልሁን ብሎ የተነሳ ግን ጥቂት ነው። የሚቀበላቸው ሰው በሌለበት «ተፍጨርጨሩ» ማለት ምክር አይደለም፤ ኃላፊነትን ከራስ ማውረድ ነው።

የሪባንም ነገር በዚሁ እንይ። ልጁ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ደረጃውን ይጨርሳል፤ ሲኦሲ ይፈተናል፤ ብቁ ነህ ይባላል። ከዚያ «ተደራጅታችሁ ተበደሩ» ይባላል። ብድሩ ወለድ አለው። ልጁ አላህን ፈርቶ ይተወዋል። ወለድ ሐራም መሆኑን የነገረው ሰው ግን ያን ቀን አጠገቡ የለም። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች አሉን፤ ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ጀመረ፣ ሒጅራ ባንክም ተከተለ። ነገር ግን ባንክ ዋስትና ይጠይቃል። የ19 ዓመት ልጅ ምን ዋስትና አለው? ዋሱ መሆን ያለበት የሚያውቀው ሰፈሩ ነው።

ደግሞ ሙዷረባ የሚባል ነገር በዲናችን አለ። ገንዘቡ ከአንዱ፣ ሥራው ከሌላው፣ ትርፉ በስምምነት። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ነቢይ ሆነው ከመላካቸው በፊት በወጣትነታቸው በኸዲጃ (ረ.ዐ) ገንዘብ ወደ ሻም ነግደዋል። የከተማችን ነጋዴ ሁሉ ይህን ሲራ ያውቃል። አንድ የብየዳ ማሽን ገዝቶ ከአንድ ልጅ ጋር በትርፍ የተካፈለ ነጋዴ ግን በሰፈራችሁ ስንት አለ?

ስለ እህቶቻችንም ዝም ማለት አይገባም። በ2017 አክሱም ላይ እህቶቻችን በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርትና ከፈተና ምዝገባ ሲታገዱ ሁላችንም ጮኸናል። መጮኻችን ትክክል ነበር፤ ነገም እንጮኻለን። ግን በየከተማው በሒጃቧ ተፈትና ያላለፈችውን እህት ማን ጠየቃት? በብዙ ቤት ያላት ምርጫ ሁለት ነው፤ ባል ወይም ዐረብ ሀገር። ለመፈተን መብቷ የታገልን ሰዎች ከፈተናው በኋላ ላለው ሕይወቷ ከደላላ የተሻለ ነገር ማቅረብ ካልቻልን፣ ትግላችን ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል።

«መስጂድ የዒባዳ ቦታ ነው፤ ሥራ ማገናኘት የመንግሥት ነው» የሚሉ አሉ። መንግሥት ድርሻውን ይወጣ፣ እንጠይቀዋለን። ነገር ግን ያንን የወንድማማችነት ሥራ መዲና ላይ የሠሩት ረሱላችን ናቸው። ዘካም የዲን ምሰሶ ነው። ኢማም ነወዊ «አል-መጅሙዕ» በተባለው ኪታባቸው ባለሙያ የሆነ ድሃ ከዘካ የሙያውን መሣሪያ የሚገዛበት እንደሚሰጠው አስፍረዋል። እኛ ግን ዘካን በረመዷን መጨረሻ በትንንሽ ብር ቆራርሰን እንበትነዋለን። ተቀባዩ በሳምንቱ ይጨርሰዋል፤ በዓመቱ ተመልሶ ይሰለፋል። በዚያው ገንዘብ ለጥቂት ልጆች የስፌት መኪና ወይም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዕቃ ቢገዛ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ራሳቸው ዘካ አውጪ ይሆናሉ። የአፈጻጸሙን ዝርዝር ዑለማዎቻችንን እንጠይቅ፤ ግን እንጠይቅ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ አንተንም አንቺንም ሳልናገር አላልፍም። «እኔ 12 ጨርሼ ግርግዳ ልቀባ?» ያልከው አንተ ነህ። የአላህ ነቢይ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረት ይሠሩ ነበር፤ ከእጃቸው ሥራም ይበሉ ነበር። ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጺ ነበሩ። ሙሳ (ዐ.ሰ) ከግብፅ ሸሽተው መድየን ሲደርሱ ለዓመታት ተቀጥረው በግ ጠብቀዋል። ነቢያት ያልናቁትን ሥራ እኔና አንተ የምንንቀው ምን ሆነን ነው? ደላላው የሳዑዲን ደሞዝ ሲነግርህ፣ ከ2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ተባረው እንደተመለሱ አይነግርህም። ሙያ ይዞ በሕጋዊ መንገድ የሄደና ባዶ እጁን በባሕር የተሻገረ አንድ አይደሉም። መሄድህን አልከለክልህም፤ ባዶ እጅህን አትሂድ ነው የምለው።

የመስጂድ ኮሚቴዎቻችንን የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ሁለት ደብተር ነው። በአንደኛው ዘንድሮ ከሰፈሩ 12ኛ የጨረሱ ልጆች ስም ይጻፍ፤ ያለፈም ያላለፈም፣ ወንድም ሴትም። በሁለተኛው የጀመዓው ባለሙያና ነጋዴ ስም ይጻፍ፤ ጋራዥ ያለው፣ ፋርማሲ ያላት፣ ኮንትራክተሩ፣ ልብስ ሰፊው፣ የሒሳብ ባለሙያው። ከዚያ ከአንድ ጁሙዓ በኋላ ሁለቱ ደብተሮች ጎን ለጎን ይከፈቱ። እያንዳንዱ ባለሙያ አንድ ልጅ ይውሰድ። ስድስት ወር ያስተምረው፣ የምሳውን ይቻለው፣ አማናውን ይመስክርለት። ሚናራ ለመጨመር ያላነሰ ጉልበት ለዚህ አያንሰንም።

በሚቀጥለው ውጤት ሲወጣ ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ሰፈራችሁ ውስጥ ያላለፈውን አንድ ልጅ ቤቱ ሄዳችሁ አንኳኩ። ያን ቀን ከቤት አይወጣም፤ እዚያው ታገኙታላችሁ።

አላህ ለወንድሙ ሰዕድ የሚሆን ጀመዓ ያድርገን። የጠፉትን ለእናቶቻቸው ይመልስልን። ኣሚን።

ይህን ጽሑፍ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ለአንድ የመስጂድ ኮሚቴ አባል አንብቡለት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።