ላንድክሩዘር ያማረው ወንድማችሁ

የዛሬው ጉድ የራሴ ነው፤ አትሳቁብኝ!

እኔና እጮኛዬ በእቁብ ያጠራቀምናት ገንዘብ አለች፤ መኪና ልንገዛባት። ታዲያ እኔ ያደግሁት ደባርቅ ነው። ቱሪስት ጭነው ወደ ሳንቃበር የሚወጡትን ላንድክሩዘሮች እያየሁ ስላደግሁ መኪና ሲባል ሌላ አይታየኝም። እሷ ደግሞ «ያገለገለች ቪትዝ ትበቃናለች» አለች። ተኳረፍን! ሳምንት ሙሉ ስልክ እንኳ አልተደዋወልንም።

በመጨረሻ እሷው መጣች። «ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ከአስፋልት ወጣህ?» አለችኝ። ቆጠርኩ... አንድ ቀን፤ ጃናሞራ ለሰርግ። የቀረው ከፒያሳ አዘዞ፣ ከአዘዞ ፒያሳ ነው።

«እናትህ የታመሙ ሌሊትስ?»

ዝም አልኩ። ያን ሌሊት ጎንደር ላይ መኪና አጥቼ እስኪነጋ ቁጭ ብዬ ነው ያደርኩት። እስከ ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ነው።

«ታዲያ ያን ሌሊት ያጣኸው መኪና ነው ላንድክሩዘር?»

ምን ልበላት?

እናንተም ልብ በሉ። ፎር ዊል ጭቃና ዳገት ያስወጣል እንጂ ፍሬን አይሆንም፤ ሊማሊሞን ቁልቁል የሚያወርዳችሁ ከባድ ማርሽና ትዕግሥት ነው። ባለ 4.2 ሊትር ሞተር ደግሞ ከተማ ውስጥም ናፍጣውን ይጠጣል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ አዲስ ፈላጊ አይኑን ኤሌክትሪክ ላይ ይጥላል፤ እሱም ቢሆን ቻርጅ የምታደርጉበትን ቦታ አስቀድማችሁ እወቁ።

የምትገዙት ለየቀኑ መንገዳችሁ ይሁን። ለአንዷ የሰርግ ቀን ላንድክሩዘር መከራየት ይቻላል።

ቪትዟን ልናይ ቅዳሜ ተቀጣጥረናል። ላንድክሩዘር ሲያልፍ ግን አሁንም ዞር ብዬ አያለሁ... እሷ እንዳትሰማ!

ሰላም ሰንብቱ።