የእንቅስቃሴ ምርመራ ነጥብ ምን ያህል ያስተማምናል? የወጣት ሴት ኔትቦል ተጫዋቾች ጉዳይ

ኔትቦል በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በርካታ ልጃገረዶች የሚጫወቱት፣ ከቅርጫት ኳስ የተወለደ ስፖርት ነው። ኳስ የያዘች ተጫዋች እያነጠረች መሮጥ አይፈቀድላትም፤ በ3 ሰከንድ ውስጥ ማቀበል ወይም ወደ ጎል መወርወር ይኖርባታል። በመሆኑም በሩጫ ወይም በዝላይ ላይ ሳለች ኳስ የተቀበለች ልጅ በድንገት ትቆማለች፤ ጫናው ጉልበቷ ላይ ያርፋል። በጉልበት ውስጥ የሚገኘው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ከተበጠሰ ደግሞ ወደ ሜዳ መመለስ ብዙውን ጊዜ 9 ወርና ከዚያ በላይ ይጠይቃል።

ጉዳቱን አስቀድሞ ለመከላከል ተጫዋቾች ቁጢጥ ብለው ሲነሱ፣ በአንድ እግር ዘለው ሲያርፉ ታይተው ነጥብ ይሰጣቸዋል። ነገር ግን የጉልበቷን ወደ ውስጥ መታጠፍ አንዱ መርማሪ ሲያስተውል ሌላው ላያስተውል ይችላል። ያው መርማሪ እንኳ ከሳምንት በኋላ ያችኑ ልጅ በሌላ ነጥብ ሊመዝናት ይችላል፤ እርሷም በዕድገት ላይ ያለች፣ አንድ ቀን የደከማት፣ ሌላ ቀን የበረታች ናት። ስለዚህ የጥቂት ነጥብ ልዩነት የመሻሻል ምልክት ላይሆን ይችላል።

መርማሪዎች ተስማሙ ማለትም ጉዳትን ተነበዩ ማለት አይደለም። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙ ብዙዎች ሳይጎዱ ይጫወታሉ፤ ከፍተኛ ያገኙም ይጎዳሉ። በነጥብ ብቻ ልጅን ከቡድን ማስቀረት ፍርደ ገምድልነት ነው። በኒውዚላንድ «ኔትቦልስማርት» የተሰኘው መርሐ ግብር የማሟሟቂያና የአስተራረፍ ልምምድን ለተጫዋቾች ሁሉ ያቀርባል።

የልጁን ውጤት የሚቀበል ወላጅ ሁለቱንም ጊዜ የመረመራት አንድ ባለሙያ መሆኑን፣ እንቅስቃሴዋም በቪዲዮ መቀረጹን ሊጠይቅ ይገባል።