የታንኳ ወደብ

ወደብ ሲባል ልጆቻችን የሚታያቸው ሲሚንቶና ብረት ነው። ባሕር ዳር ከሄዳችሁ ግን ጣና ዳር የቆመ ታንኳ አሳዩአቸው እላለሁ። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው፤ ደንገሉ ታጭዶ ይደርቅና በእስር በእስሩ ይጠፈራል። ውሃ ስለሚጠጣ ዓሣ አስጋሪው ሲመለስ ከሐይቁ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። ስለዚህ ወደቡ ራሱ ዳርቻው ነው።

በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ቢመጡም ታንኳው አልቀረም፤ የነገደ ወይጦ አባቶች ሙያውን ለልጆቻቸው ሲያወርሱ ኖረዋል። እኔን የሚያሰጋኝ ደንገሉ ነው። ዳርቻው እየታረሰና እየተገነባበት ሳስቷል። ቆሮሶም የሚያድገው እዚያው ሣር ለበስ ዳርቻ ላይ ነው። እናም ልጆቹን ስትወስዱ ከታንኳው አስቀድማችሁ ደንገሉን አሳዩአቸው።