አዲስ ቨርዥን ወይስ ቅሚያ?

ፕሌይስቴሽን ቤት ያደገ ሁሉ ኮናሚን ያውቀዋል። ዊኒንግ ኢለቨንን የሠራልን እሱ ነው። አዲሱ ዊኒንግ ካልተመቸን «ኧረ የድሮዋን ሲዲ ክተትልን!» ማለት ነበር፤ ነገሩ አለቀ። አሮጌው ሲዲ የትም አይሄድም።

ይኸው ኩባንያ የሠራው ዳንስ ዳንስ ሬቮሉሽን ግን እንዲህ አይደለም። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው።) በ1998 ጃፓን ውስጥ የወጣ የጌም ቤት ማሽን ነው። ከፊቱ የሚረገጥ መድረክ አለ፤ መድረኩ ላይ አራት ቀስቶች። ዘፈኑ ሲጀምር ስክሪኑ ላይ ቀስቶች ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ተጫዋቹ ምቱን ጠብቆ መርገጥ ነው። እኛ በትከሻ የምንጨርሰውን ጃፓኖቹ በእግር ጨረሱት በሉት።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። አዲስ ቨርዥን ሲመጣ አሮጌው ከማሽኑ ይወጣል። ተጫዋቹ ወር ሙሉ ላቡን አንጠፍጥፎ እግሩን ያስተማረው ዘፈን አዲሱ ላይ ከሌለ፣ በቃ የለም! ስለዚህ በዚህ ጌም «ምን ተጨመረ?» ከማለት በፊት «ምን ተወሰደ?» ማለት ይቀድማል። የእኔም ክስ ይኸው ነው፦ ኮናሚ መጨመር ያውቅበታል፤ ግን በአንድ እጁ ሲሰጥ በሌላው ይቀማል።

ማስረጃ አንድ፣ 2001። ስድስተኛው ቨርዥን ዲዲአር ማክስ ረግጠው የሚቆዩበትን ረጅም ቀስት አመጣ፤ የቀስቶቹን ፍጥነት መምረጥም ተቻለ። እሰየው! ግን የድሮዎቹን ዘፈኖች ጠረጋቸው። ከቀስቶቹ ጀርባ ይጨፍሩ የነበሩትን ገጸ ባሕርያት አባረረ። የዘፈኑን ክብደት በእግር ምልክት ቆጥሮ የሚናገረውን ልኬት አንስቶ ባለ አምስት ማዕዘን ሥዕል ተካበት። ጀማሪ ያንን ሥዕል አይቶ «ይሄ ዘፈን ይጥለኛል ወይስ አይጥለኝም?» የሚለውን በምን ይወቅ? የእግር ልኬቱ በ2002 በማክስ 2 ተመለሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ኤክስትሪም ደግሞ ብዙ የድሮ ዘፈኖችን መልሶ 240 ገደማ ዘፈን ይዞ ቀረበ። ዛሬም ድረስ የድሮ ተጫዋቾች ስሙን እየጠሩ የሚናፍቁት ቨርዥን እሱ ነው። የወሰደውን ስለመለሰ!

ማስረጃ ሁለት፣ 2006። ከሦስት ዓመት በላይ ዝምታ በኋላ ሱፐርኖቫ መጣ፤ ገጸ ባሕርያቱም ተመለሱ። ግን ብዙ ተጫዋቾች «ቀስቱና ምቱ አልገጥም አሉን» ብለው ጮኹ። ጎበዝ፣ የዳንስ ጌም ከምቱ ከተፋታ ምን ቀረው? በ2008 የወጣው ዲዲአር ኤክስ ልኬቱን ከ10 ወደ 20 አሳደገ። ይህን እኔም እደግፋለሁ፤ 10 ላይ ተከምረው የነበሩት ዘፈኖች ክብደታቸው በጣም ይለያይ ነበር። ነገር ግን ለሰሜን አሜሪካ ተብሎ የተሠራው ማሽን መርገጫው ተጫዋቹን አማረረው። ዓይን ሊኩሉ ገብተው ዓይን ማጥፋት ይሉሃል ይሄ ነው።

ማስረጃ ሦስት፣ 2019። ኤ20 ሲወጣ ለ20ኛው ዓመት መታሰቢያ ወርቃማ ማሽን ተሠራ፤ አንዳንድ ዘፈኖችም ለእሱ ብቻ ተከለሉ። ቨርዥኑ አንድ ሆኖ፣ ሰፈሩ ያለው ጌም ቤት ወርቃማውን ያልገዛለት ልጅ ግን ዘፈኑን አይቀምስም! ዳንስ ላይም መደብ መጣ ማለት ነው።

«የዘፈን ፈቃድ ጊዜው ያልፋል፤ ኩባንያው ምን ያድርግ?» የሚል አይጠፋም። ከሌሎች የሙዚቃ ድርጅቶች ለተገዙት እውነት ነው። ግን ከመጀመሪያው ቨርዥን ጀምሮ የነበረው ፓራኖያ የኮናሚ የራሱ ሥራ ነበር። እሱም በ2001ዱ ጠረጋ ሄዷል። ለራሱ ዘፈን ፈቃድ የሚጠይቀው ከማን ነው?

«ካልተስማማችሁ ሌላ ተጫወቱ» ለሚለውም መልስ አለኝ። ሮክሶር የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ2004 ኢን ዘ ግሩቭ የሚባል ተፎካካሪ ጌም አወጣ። ኮናሚ በ2005 ከሰሰው፤ በ2006 በስምምነት ሲያልቅ የጌሙ መብት ኮናሚ እጅ ገባ። ክሱ ሕጋዊ ነው፤ አልከራከርም። ግን አማራጩን ራሱ ጠቅልሎ የወሰደ ሰው «ሌላ ተጫወቱ» ሊል አይችልም።

ይህ የድሮ ናፍቆት አይደለም። ረጅሙ ቀስት ከሌለበት ከመጀመሪያው ቨርዥን ጋር ልኑር የሚል የለም። ጉዳዩ የባለቤትነት ነው። በኤክስትሪም ጊዜ ጌም ቤቱ አዲሱን አልፈልግም ብሎ አሮጌውን ይዞ መቆየት ይችል ነበር። የቅርቦቹ ቨርዥኖች ግን ከኮናሚ ኔትወርክ ጋር የታሰሩ ናቸው፤ ቁልፉ ያለው ጃፓን ነው። በ2024 የወጣው ዲዲአር ወርልድም በዚሁ መንገድ ነው የመጣው።

እንግዲህ ጥያቄው ቀላል ነው። አዲሱን ስታመጡ አሮጌውን ማሽኑ ላይ ተዉልን፤ መራጩ ተጫዋቹ ይሁን። ዘፈኑን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ላቡን ያፈሰሰው ግን እሱ ነው።