ሻካራውን እጀታ የሠራነው እኛ ነን

«የሀገር ቢላዋ እኮ እጀታው ሻካራ ነው!» ይቺን ያላለ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ይህን ብለን ስናበቃ የፕላስቲክ እጀታ ያለው የቻይና ቢላዋ ገዝተን እንገባለን። ጥፋተኛው የመንዝ ቀጥቃጭ ሆነ ማለት ነው። ፍርድ አለቀ።

ቆይ እስቲ። ለመሆኑ እጀታ እንዴት እንደሚለሰልስ እናውቃለን? ቀንዱ በሙቀት ሲለዝብ ተጭኖ ዝርግ ይሆናል። ከዚያ የብረቱን ጭራ ግራና ቀኝ ያቅፋል፣ ይበሳል፣ በምስማር ይጠበቃል። ገና ምኑ ተያዘ! ሞረዱ አለ፣ የብርጭቆ ወረቀቱ አለ፣ በመጨረሻ ዘይት በነካ ጨርቅ ማሸት አለ። ሰው ከቸኮለ ቀንዱ ይግላል፣ ይሰነጠቃል። ብናኙ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሳንባ ነው። በውጭው ዓለም ጨርቅ በሙጫ ተነክሮና ታምቆ በሚሠራው «ማይካርታ» እጀታ የሚያበጁትም ከዚህ ልፋት አያመልጡም። በ120 ቁጥር ወረቀት ጀምረው 240፣ 400፣ 600 እያሉ ይወጣሉ። አንዱን ከዘለሉት ጭረቱ ይቀራል። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? እነሱ ለዚያ ሰዓት ይከፈላቸዋል።

እኛስ? ሞላሌም ሆነ ዓለም ከተማ ገበያ ላይ ቆመን እስከ መጨረሻዋ ብር እንከራከራለን። ቀጥቃጩ ከብረቱ ቢቀንስ ቢላዋው አይቆርጥም። ስለዚህ የሚቀንሰው ከውልወላው ነው። ሌላ ከምኑ ይቀንስ?

«ውልወላ ቅንጦት ነው» እንዳትሉኝ ብቻ። በቀንዱና በብረቱ መካከል የቀረች ክፍተት የበዓሉን በግ ደምና ሞራ ትይዛለች፤ ትሸታለች፣ ምስማሩን ታዝገዋለች።

ደግሞ ስድቡ አለ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም ማረሻውን የሚያበጅለትን ሰው «ቡዳ» የሚል አልጠፋም። «ጠይብ» ራሱ እኮ «ጠቢብ» ከሚለው የመጣ ቃል ነው! ምስጋናውን ስድብ አደረግነው። ታዲያ የቀጥቃጩ ልጅ ሙያውን ለምን ይውረስ? ከስድቡና ከባዶ ኪሱ ጋር?

እናንተ ከተሜዎች፣ ቀጣዩን ቢላዋ ስትገዙ የውልወላውን ዋጋ ለብቻ ጠይቁ። ጠይቃችሁም ክፈሉ። የማትከፍሉ ከሆነ ግን ስለ ሻካራ እጀታ አታውሩብን።