የጓዳ ትራፊ፣ ከካዛንቺስ እስከ ገላን ጉራ

በ2017 ዓ.ም. ነባሩ የካዛንቺስ ሠፈር ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ በርካታ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሥፍራዎች መዛወራቸው ይታወሳል። ጓሮ የነበረው ሰው ልጣጩን የሚቀብርበት አጥቷል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች መጨረሱ ሲታሰብ፣ ትራፊን ከቤት መቀነስ ቅንጦት አይደለም።

ቀዩ የማዳበሪያ ትል በበረንዳ ጥላ ሥር፣ ከታቹ በተበሳ ባልዲ ይረባል። የሚጎዳው ግን ከረሃብ ይልቅ ጥጋብ ነው። ያልተበላው ትራፊ ይግላል፣ ይኮመጥጣል፤ ትሉም ይሸሻል። ያን ጊዜ መመገቡን አቋርጦ የተቀዳደደ ጋዜጣ (ይህንኑም ቢሆን) መጨመር ነው። ጨውና ዘይት ያለበት የወጥ ትራፊ ፈጽሞ አይገባም።

ትል የሚያራቡ የግብርና ምርምር ማዕከላት ከገበሬው ሌላ የጋራ ቤት ነዋሪውንም ሊያስቡበት ይገባል፤ ከአንዱ ባልዲ የተዘገነ ትል ለጎረቤት ዘር ይሆናልና።